ልጃችንን ለጥርስ ሐኪምነት ፈተና ስለ ማዘጋጀት

በቤተ ሰብ አስተዳደር ውስጥ ከሚያጋጥሙት ነገሮች ሁሉ ለአባትና ለእናት እጅግ የሚያሳስበው የልጅ ፈተና ነው። በጥንት ጊዜ ልጁ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ከአገር አገር እየዞረ ይማር ስለ ነበረ፥ የወላጆቹ ድርሻ መርቆ መስደድና ስንቅ መላክ ብቻ ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን በአባቱ ቤት እያደረ ስለሚማር፥ የቤቱ ጠባይና የቤቱ ሥራ ሁሉ ለትምህርቱ ወይ አጋዥ ወይ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ እኛ በጉለሌ የምንኖር ወላጆች፥ ሴት ልጃችን የጥርስ ሐኪም ለመሆን ለመግቢያው ፈተና በተዘጋጀችበት ጊዜ በቤታችን የሆነውን ነገር፥ ለተከበሩት አንባቢዎች ይጠቅም እንደሆነ በማሰብ፥ ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የጥርስ ሕክምና የሚማር ሰው በአንድ ቀን ፈተና የሚገባበት በር የለም፤ በሩ ከአንድ የበዛ ነው። አንደኛው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የተማረው ልጅ በእንግሊዝኛ፥ በሒሳብ፥ በፊዚክስ፥ በኬሚስትሪ፥ በባዮሎጂ፥ እንዲሁም የማሰብ ችሎታን በሚመዝነው በአፕቲትዩድ ይፈተናል። ሁለተኛው የዩኒቨርስቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ተማሪው ወደሚወደው ሙያ የሚመደበው በዚህ ዓመት ባገኘው ውጤት ተወዳድሮ ነው፤ ሐኪምነትን የሚመርጠው ብዙ፥ ቦታው ግን ጥቂት ስለ ሆነ ፉክክሩ የጸና ነው። ሦስተኛው አንዳንዱ ትምህርት ቤት በራሱ የሚጨምረው የጽሕፈትና የቃል ፈተና ነው። ከዚህም በቀር አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። እንግዲህ ልጅ የሚያስተምር ሰው የየትምህርት ቤቱን ደንብ አስቀድሞ ጠይቆ ቢረዳ መልካም ነው።

ሰፈራችን ጉለሌ ለዚህ ሐሳብ የሚያነሣሣ ሰፈር ነው። ፓስተር እየተባለ የሚጠራው የጤና ምርምር ቤት የሚገኘው በዚሁ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቶበት ሚሌኒየም የሕክምና ኮሌጅ ተብሏል። ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች በማለዳ ወደዚያ ሲገቡ ማየት ለሰፈሩ ልጆች ያለ መምህር የሚሰጥ ትምህርት ነው። በሌላውም በኩል ከሽሮ ሜዳ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ከእንጦጦም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በደጃችን ያልፋሉ። በዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ሰው ያለ ድካም እንደማይበላ ሳይነግሩት ያውቃል።

ልጃችን በሁለት ወንድሞች መካከል የተወለደች ብቸኛ ሴት ልጅ ናት። ከልጅነትዋ ጀምራ በባዮሎጂ ትምህርት ብርቱ ስለ ነበረች፥ 12ኛ ክፍል በገባች ጊዜ «የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ» ብላ ቍርጥ ሐሳብዋን ነገረችን። እኛም ሐሳብዋን ከሰማን በኋላ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ጊዜዋን መቍጠር ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስክትተኛ ድረስ የምትሠራውን ጻፍን። ማለዳ ቤት ትጠርጋለች፥ ቁርስ ታሰናዳለች፤ ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ተመልሳ ውሃ በመጣ ቀን ትቀዳለች፥ ሊጥ ታቦካለች፥ እራት ታቀርባለች፥ ዕቃ ታጥባለች። እንግዳም ቢመጣ ቡና የምታፈላው እርስዋ ናት። ይህ ሁሉ አልፎ ለመጽሐፍ የሚተርፋት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ብቻ ሆነ፤ ያውም በደከመ ዓይን። በዚያው ቤት የሚኖረው ታላቅ ወንድምዋ ግን ለፈተናው በተዘጋጀ ጊዜ በየቀኑ ከአምስት ሰዓት የማያንስ ነበረው። ይህም የብዙ ቤት ልማድ እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ፈተናው ግን ለወንድና ለሴት አንድ ነው፤ ዕቃ ስታጥብ ላመሸችው ተማሪ ተጨማሪ ደቂቃ አይሰጥም።

ስለዚህ የቤቱን ሥራ እንደ አዲስ አከፋፈልን። ውሃ መቅዳት የአባት፥ ዕቃ ማጠብ የታላቅ ወንድም፥ ቤት መጥረግ የታናሹ ሆነ፤ ሊጡንና እራቱን እናት ያዘች። ልጂቱ እሑድ ብቻ እንድታግዝ ተወሰነ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ ተሰበረ፤ በሁለተኛው አንድ፤ ከዚያ ወዲያ የተሰበረ የለም። ከዚህ ይልቅ የከበደው የእንግዳው ነገር ነበር። ታናሽ ወንድምዋ ረከቦት ይዞ በቀረበ ጊዜ አንዳንድ የቤታችን ወዳጆች «ሴት ልጅ እያለች ወንድ ቡና ያፈላልን?» ብለው አጕረመረሙ። እኛም «ልጂቱ በሥራ ላይ ናት» ብለን በትሕትና መለስን እንጂ ከክፍልዋ አልጠራናትም። ሥርዓት ያለው ቤት እንግዳውን ያከብራል፤ ነገር ግን እንግዳው የሚከበረው በልጅ የወደፊት ኑሮ መሆን የለበትም።

የክረምቱ ጥናት እንደሚከተለው ነበር። ፈተናው እስከ ጥቅምት ወር ስለ ቈየ፥ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ለሙሉ ለዝግጅት ዋሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ጮክ ብሎ ማንበብ ስለማይቻል በዚያ ሰዓት ሒሳብና ፊዚክስ ትሠራለች፤ ጸጥ ባለ ጊዜ ደግሞ ባዮሎጂውን በቃልዋ ታጠናለች። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት የምትጠቀምበት በባትሪ የሚሠራ መብራት ገዛንላት። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰብስባ በየቅዳሜው ሰዓት አስቀምጣ፥ ልክ በፈተና ቦታ እንዳለች ሁና ትሠራቸው ነበር። የተሳሳተችውን ጥያቄ ግን እንዲያው አታልፈውም፤ በአንድ ልዩ ደብተር ላይ ጥያቄውን፥ የተሳሳተችበትን ምክንያትና ትክክለኛውን መልስ ትጽፋለች። ደብተሩ በመስከረም መጨረሻ 74 ገጽ ደርሶ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላም እንዳታመሽ ደንብ አደረግን፤ እንቅልፍ የነሡት ራስ ያጠናውን አይዝምና።

የጥርስ ሐኪም ሥራ በዕውቀት ብቻ ሳይሆን በእጅም የሚሠራ ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ በአገሩ ሁሉ የሚሰጠው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በቀድሞው ጊዜ አንድ ሥራ ይጨምር ነበር፤ ይኸውም ተፈታኙ ጠመኔ በቢላዋ እየጠረበ በሥዕል የታዘዘውን ቅርጽ እንዲያወጣ ነው። በኋላ ይህ ቀርቶ፥ ቅርጽን በዓይነ ልቡና አገላብጦ የማየት ችሎታ በወረቀት የሚመዘንበት ፈተና ተተክቷል። በካናዳም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ተፈታኙ ሳሙና ይቀርጽ ነበር። ልጃችን ይህን ካነበበች በኋላ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የልብስ ሳሙና በሰንጢ መቅረጽ ጀመረች። የመጀመሪያው ሥራዋ ድንች ይመስል ነበር። በመስከረም ግን አራት ጫፍና ሁለት ሥር ያለው የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ በእጅዋ ወጣ። እናትዋም ፍርፋሪውን በጣሳ እያጠራቀመች ልብስ ታጥብበት ስለ ነበረ ከሳሙናው የጠፋ የለም።

በዚህ ጊዜ የአባትዋ ታላቅ ወንድም፥ እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው፥ ሊጠይቁን መጡ። በመንግሥት ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ፥ ቃላቸው በቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሳሙናውን አንሥተው አገላብጠው ካዩ በኋላ፥ «ይህን ያህል ከደከመች ሙሉ ሐኪም ትሁን እንጂ፥ ጥርስ ነቃይ ለመሆን ነውን? ሐኪም ወርቅነህን ያህል ሰው ባየ አገር ለዚህ ብሎ መድከም ምንድር ነው?» አሉ። ልጂቱ አንገትዋን ደፍታ ዝም አለች። እኛ መልስ ለመስጠት ስናስብ፥ በጥግ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያትዋ እንዝርታቸውን አኖሩ።

«ልጄ፥ ስማኝ» አሉት የበኵር ልጃቸውን። «ዓይኔን ሞራ በጋረደኝ ጊዜ ሐኪሞች ገፈው ብርሃኔን መለሱልኝ። ጥርሴን ግን እስከ ዛሬ ያከመልኝ የለም፤ የነቀለልኝ ብቻ ነው። ባመመኝ ቍጥር ተነቀለ። ቆሎ ከተውሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ። በሰው ፊት ሳቅ ቢመጣብኝ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ፤ አንተ ይህን አይተህ ታውቃለህን? ነቃይማ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚያተርፍ ነው። ይህች ልጅ የሰውን ጥርስ ሳይነቀል የምታተርፍ ከሆነች፥ ለእኔ ሙሉ ሐኪም እርስዋ ናት።»

ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ፤ ቡናቸውንም ጠጥተው ሄዱ። በሳምንቱ አንድ ካርቶን የልብስ ሳሙና በልጃቸው እጅ ላኩ። ሌላ ቃል አልተጨመረበትም፤ እኛም ሌላ አልጠበቅንም።

የአያትዋ ነገር ከእንባ ብቻ የመነጨ ሳይሆን እውነትነት ያለው ነው። በልማድ «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን፤ ነገር ግን ትል የለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳር እየተመገቡ አሲድ ያወጣሉ፤ ይህም አሲድ ከሰውነታችን ሁሉ የሚጠነክረውን የጥርስ ሽፋን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ጕድጓዱ ገና ትንሽ ሳለ ቢደረስበት ተጠርጎ ይሞላል፥ ጥርሱም ይተርፋል፤ ሕመሙ እስኪጠና ከተቈየ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው መነቀል ነው። የሕፃን ልጅ 20 ጥርሶች ይወድቃሉ ተብለው መናቅ የለባቸውም፤ ለሚተኩት ቦታ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። በአንዳንድ ስፍራም «ግግ» ነው እየተባለ ገና ያልወጣው የሕፃን ጥርስ ከድዱ ውስጥ በስለት ይወጣል፤ ይህ ደም የሚያፈስ፥ ቍስሉም የሚመረዝ፥ በሥሩ ያለውንም የቋሚ ጥርስ ቡቃያ የሚያበላሽ ክፉ ልማድ ነው። በስምጥ ሸለቆም እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉት ስፍራዎች የጕድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ ቡናማ ይሆናል፤ ጥቂቱ ጥርስን የሚያጠነክር ይኸው ንጥረ ነገር ሲበዛ ይጐዳል። ይህን ሁሉ የሚያስተምርና የሚከላከል ሰው ጥርስ ነቃይ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

የብሔራዊው ፈተና ጊዜ ደረሰ። ቀድሞ ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ ጥያቄው እየተሰረቀ ስላስቸገረ ግን የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርስቲዎች ግቢ ገብተው፥ እዚያው እያደሩ፥ ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ ተደረገ። ልጃችን ብርድ ልብስዋንና እርሳሶችዋን ይዛ ስትወጣ አያትዋ ግንባርዋን ስመው መረቁዋት። በፈተናው ቀኖች ወሬዋን ለመስማት የምንችልበት መንገድ ስላልነበረ ቤቱ ጭር አለ፤ ታናሽ ወንድምዋ እንኳ ሬዲዮ አልከፈተም። በተመለሰች ጊዜ ፊትዋ ከስቶ ነበር። «የትኛው ጥያቄ ከበደሽ?» ብለን አልጠየቅናትም፤ ገላዋን ታጠበች፥ በላች፥ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ተኛች።

ውጤቱ የተነገረው በጥር ወር ነው። በአገሩ ሁሉ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ያህል ነው። ልጃችን ከእነዚህ መካከል ተገኘች። ነገር ግን በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ደስታ የገባበት ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። በግራ ያለው ጎረቤታችን ልጅ ከልጃችን ጋር አንድ ክፍል የተማረ፥ በትጋቱም የማይታማ ሲሆን አላለፈም። ስለዚህ እናትዋ እልልታዋን በጕሮሮዋ ያዘች፤ ድግስም አላደረግንም። በማግስቱ ልጃችን ያን ባለ 74 ገጽ ደብተር ይዛ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደች፤ ለእርሱ ሰጥታው ተመለሰች። በዚያው ዓመት ለማለፍ ለተቃረቡት ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ስለ ተከፈተ፥ ልጁ በዚህ መንገድ ገብቶ ዛሬ የምህንድስና ተማሪ ሁኗል።

የዩኒቨርስቲው የመጀመሪያ ዓመት ከቤት ርቃ የተማረችበት ስለ ሆነ የእኛ ድርሻ ወደ ጥንቱ ልማድ ተመለሰ፤ ይኸውም በሶና ምርቃት መላክ ነው። ዓመቱን በመልካም ውጤት ፈጽማ የጥርስ ሕክምናን በመጀመሪያ ምርጫ ሞላች፤ የሕክምናውንም ምርጫ ሁለተኛ አደረገችው። ያመለከተችበት ትምህርት ቤት የጽሕፈት ፈተና ሰጥቶ፥ ያለፉትን ደግሞ በሦስት መምህራን ፊት በቃል ጠየቀ። ከመምህራኑ አንዱ፥ «በሽተኛ መጥቶ ዶክተር ነቅለሽ ገላግይኝ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉዋት። እርስዋም፥ «በመጀመሪያ ሕመሙን አስታግሥለታለሁ፤ ከዚያ ጥርሱ መዳን የሚችል እንደ ሆነ መርምሬ እነግረዋለሁ። የሚነቀለው የሚድንበት መንገድ ሲጠፋ ነው» ብላ መለሰች። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ልጃችን የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት፤ ገና ብዙ ዓመታት፥ በመጨረሻም የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የምናስገነዝበው ጥቂት ነው። አንደኛ፥ ልጅን «አጥና» ከማለት አስቀድሞ የሚያጠናበትን ሰዓት ማግኘት ይገባል፤ ይልቁንም ለሴት ልጅ ይህን ሰዓት ከቤቱ ሥራ ላይ ቈርጦ መስጠት የወላጅ ሥልጣን ነው፥ ሌላ ማንም ሊያደርገው አይችልም። ሁለተኛ፥ ልጁ የመረጠው ሙያ በስሙ ትንሽ ቢመስል፥ ያ ሙያ ለማን እንደሚያስፈልግ በቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሎች መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፥ ያላለፈ ልጅ በጎረቤት ሳለ የራስን ደስታ በልክ ማድረግ ነው፤ ፈተና በየዓመቱ ይመጣል፥ ጉርብትና ግን አንዴ ከተበላሸ መጠገኛው ይቸግራል።

ከዚህም ጋር የልጆቻችሁን ጥርስ ማታ ማታ ሳይተኙ በፊት በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ እንዲያጸዱ አድርጉ፤ ሕመም ሳይጀምራቸውም ወደ ሐኪም ውሰዱዋቸው። የጥርስ ሐኪሞቻችን ቍጥር በዝቶ፥ የሚነቅሉት አንሶ፥ የሚያተርፉት እንዲበዛ ከልብ እንመኛለን።